ጥለቱ ወደ ላይ

ሱሉልታ፣ መስከረም 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለእህቴ ለድንቅቱ፣ ሮም ከተማ።

ያለሽበት ቤት ጣራው አያፍስስ፣ እሳቱ አይጥፋ። እንደምን ከረምሽ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ብቻ ክረምቱን አልወደደውም። ዘንድሮ ዝናቡ ሜዳውን ሐይቅ አድርጎት ነው የከረመው። ላሞቹ እስከ ሆዳቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ሲግጡ ነው የባጁት።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። አትሳቂ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ማስቆጠር ጀመረ። እኔም በሃምሳ አንድ ዓመቴ የልጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካኝ ተማርኩ። እስከ ዛሬ በእኔ ስም የደረሱሽን ደብዳቤዎች የጻፈው የገበያው ጸሐፊ ገብረየስ ነው። እኔ አሥር ነገር ስናገር እሱ አራቱን ይጽፋል። «ይኼ አይጻፍም እትዬ፣ ሰው ያስቀይማል» ይለኛል። እንግዲህ እስከ ዛሬ የምታውቂያት ጠጅቱ ግማሿ ገብረየስ ነበር። ከአሁን ወዲያ የምታገኚው እኔን ነው።

እሱ ሳይጽፍልሽ የቀረውን አንዱን ልንገርሽ። የእናትሽ መቃብር አጥር ፈርሶ ከብት ይገባበት ነበር። እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። እናትሽ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አጥሩ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንድታውቂው ያህል ነው።

መልስ ስትጽፊ በከድሩ ሱቅ አድራሻ ይሁን። ከድሩ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ወርዶ ፖስታውን ያያል።

እህትሽ ጠጅቱ

ሮም፣ ኅዳር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ጠጅቱ።

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ላሞችዎ ታልበው፣ ቤትዎ ሞቆ ያግኝዎት። የእኛን አገር ቀን የምጽፈው እዚህ ያሉትን አንድ ኢትዮጵያዊ ቄስ ጠይቄ ነው፤ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የእሳቸው ነው።

የእጅ ጽሕፈትዎን ሳይ ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። ከገብረየስ ጽሕፈት ይልቅ የእርስዎን ወደድኩት። ፊደሎቹ የተቆጡ ይመስላሉ። ስለ አጥሩ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አለመጠየቄ ልክ አይደለም።

አዲስ ነገር አለኝ። ፊልም በሚሠራበት ቦታ ልብስ እንደምሰፋ ነግሬዎት ነበር። አሁን አንድ ፊልም በእኛ አገር ላይ ሊሠሩ ነው። ታሪኩ ልጇን ሩቅ አገር ስለምትድር እናት ነው። ሐበሻ መሆኔን ሰምተው አዘጋጁ አስጠራኝ። «ከየት ነሽ?» አለኝ። ሱሉልታ አልኩት። ካርታ አምጥተው ፈለጉት፤ አጡት። «ጎሳሽ ምንድን ነው?» አለኝ። እናቴ ስትጸልይ በአማርኛ፣ ላሟን ስትቆጣ በኦሮምኛ ነው አልኩት። «አንዱን ምረጪ፣ ተመልካች ግራ ይገባዋል» አለኝ። መምረጥ አቃተኝ። በመጨረሻ በጣልያንኛ ተናገሪ ተባልኩ።

አዎን እትዬ፣ እናቲቱን እኔ ልሠራ ነው። የሚሠራው ከሮም ውጭ አንድ ኮረብታ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ አለበት። ሽታው ሲመጣብኝ ተቀምጬ አለቀስኩ። አዘጋጁ «የእናትሽን አረማመድ አሳዪኝ» ሲለኝ ግን ቆሜ ቀረሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ነው የወጣሁት። ከእናቴ የማስታውሰው ጀርባዋን ነው፣ እሱም ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው።

ስለዚህ ይንገሩኝ። እንዴት ነበር የምትራመደው? እንስራ እንዴት ነው የሚሸከሙት? የሙሽራ እናት ልጇን ስትሸኝ ነጠላዋን እንዴት ታደርጋለች፣ ጥለቱ ወዴት ነው የሚሆነው? ከእናቴ ነጠላ የተረፈ ካለ ቢልኩልኝ ለብሼው እሠራለሁ። ሌላ ምንም አልለምንም።

ታናሽዎ ድንቅቱ

ሱሉልታ፣ ጥር 28 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለድንቅቱ።

ሰላምታዬ ካንቺ ጋር ይዋል ይደር። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ያዘገየኝ ጉልበቴ ነው ብልሽ ገብረየስን መሆኔ ነው። ስላልወደድኩት ነው ያዘገየሁት።

እናትሽን ልትሆኚ ነው። ይሁን። እኔ የጠየቅኩት ራሴን ነው፤ የሱሉልታ እናት ምን እንደምትመስል ማወቅ የፈለገ ሰው ለምን ሮም ውስጥ ያለች ልብስ ሰፊ ይጠይቃል? አውቶቡስ በደጄ ነው የሚያልፈው። አንድ ሰው ወርዶ «ማነሽ?» ብሎኝ አያውቅም። አባትሽ ከሞተ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. እናትሽ አንቺን አዲስ አበባ ጋራዥ ላለው ጣልያን አሳድግልኝ ብላ ስትሰጥ እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አንቺ በመኪና ሄድሽ፣ ኋላም ከእሱ ጋር ሮም ገባሽ። እኔ ከእርሷ ጋር ቀረሁ። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቤት ኖርን፤ ሦስቱን ዓመት ከአልጋ አልተነሣችም። ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። የማላገባው ለምን እንደሆነ የሚጠይቁኝን ሁሉ በእርሷ አመካኝቼ የመለስኩ እኔ ነኝ። አሁን እርሷን የምትሆኚው አንቺ ነሽ።

አረማመዷን ጠይቀሻል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግራ እግሯን ላም ረግጣት ታነክስ ነበር። አንቺ የምታውቂያት ሴትዮና እኔ የቀበርኳት ሴትዮ አንድ አይደሉም። የቱን እንደምትሠሪ እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።

እንስራ በጀርባ ነው፤ ገመዱ በደረት ያልፋል። ይህን እንኳ ረሳሽው?

ጥለቱን ጠይቀሻል። የሙሽራ እናት ልጇን ስትሸኝ ነጠላዋን ትገለብጠዋለች። ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገቷ ላይ ይጠመጠማል፣ እስከ አገጯ ይደርሳል። ሰው ሁሉ ጥለቱን እንዲያይላት ነው። በደንብ አድርጊው። ወደ ታች እንዳትለቂው፣ ነውር ነው።

የእናትሽ ነጠላ አብሯት ተቀብሯል። ከገበያ አንድ ገዝቼ በከድሩ በኩል ልኬልሻለሁ።

ጠጅቱ

ሮም፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ጠጅቱ።

የበልጉ ዝናብ በልክ ይዝነብልዎ፣ ገብስዎ ይብቀልልዎ። ነጠላው ደርሶኛል። ስፈታው የከድሩ ሱቅ ሸተተኝ፤ ሳሙናና በርበሬ። ሳላጥበው ለበስኩት።

ሥራው አለቀ። ያየሁትን ብነግርዎ ይስቃሉ። ቤቱን በሣር ከድነው ሠሩት፣ መልካም ነበር። ከውስጥ ግን ግድግዳው ላይ የሐረር ስፌት፣ የአፋር ጊሌ፣ የጎንደር ጋሻ ሰቀሉ። «ሱሉልታ ውስጥ አንዲት ባልቴት ቤት ይህ ሁሉ የለም» አልኩት አዘጋጁን። «ኢትዮጵያ ውስጥ አለ ወይስ የለም?» አለኝ። አለ አልኩት። «እንግዲያው ልክ ነው» አለና ሄደ።

እንስራውን እንዳሉኝ በጀርባዬ አዝዬ መጣሁ። አስቆመኝ። «በራስሽ ላይ አድርጊው።» የእኛ አገር ሴት በራሷ ላይ ውኃ አትሸከምም አልኩት። «አፍሪካ ውስጥ በራስ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ያውቃል» አለኝ። ሦስት እንስራ ሰበርኩ። አራተኛውን በካርቶን ሠሩልኝ። ግመልም አምጥተዋል። ሱሉልታ ብርድ ነው፣ ሰው ጋቢ ይለብሳል፣ የሚጋልበውም ፈረስ ነው ብላቸው የሚሰማኝ የለም። ሙሽራይቱ የናፖሊ ልጅ ናት፤ በየጠዋቱ ቡናማ ቀለም ይቀቧታል። አፍሪካ አይበርድም ብለው በየካቲት ብርድ ክንዷን ገልጠው አቆሟት፤ ከቀለሙ ሥር ስትንቀጠቀጥ ይታያል።

ጥለቱን ግን እርስዎ እንዳሉኝ አደረግሁ። አዘጋጁ «ፊትሽ ተሸፈነ፣ አውርጂው» አለኝ። አላወርድም አልኩ። ሦስት ጊዜ አዘዘኝ፣ ሦስት ጊዜ እንቢ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር ያሸነፍኩት ያንን ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ያለው ፎቶግራፍ ያን ቀን የተነሣ ነው። ለእርስዎ ይሁን።

ታናሽዎ ድንቅቱ

ሱሉልታ፣ ሰኔ 25 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለድንቅቱ።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ። ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ከድሩ ሱቅ ውስጥ ከፍቼው ያየ ሁሉ አየው። «እትዬ ጠጅቱ፣ እማማ ውብአየሁን ቁርጥ!» አለችኝ የከድሩ ሚስት ረምዚያ። እኔን በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አክስትሽን መሰልሽ ያለኝ የለም። አንቺ ሮም ተቀምጠሽ ቁርጥ ሆንሽ።

ጎረቤታችን ኦቦ ሞቱማ ደግሞ ፎቶውን ተቀብሎኝ ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላበጠው። «ፈረሱ የት አለ?» ነው ያለው በመጨረሻ። በፎቶው ላይ ፈረስ የለም አልኩት። «ሱሉልታ ያለ ፈረስ?» ብሎ በእኔ ላይ ተቆጣ፣ እኔ የሠራሁት ይመስል።

ስለ ጥለቱ የተናገረ ሰው የለም። ፎቶው ትንሽ ስለሆነ ይሆናል።

ፊልሙ አዲስ አበባ መቼ ይመጣል? ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ጠጅቱ

ሮም፣ ጥር 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ጠጅቱ።

በዓሉን እንኳን በሰላም አሳለፉ፤ ለከርሞውም ያድርስዎ። ቶሎ ያልመለስኩት የሚመጣበትን ቀን ስጠብቅ ነው። ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ ይታያል ብለውኛል። እባክዎ ሄደው ይዩልኝ። እዚህ ያዩት ሁሉ ያጨበጭባሉ፤ ግን የሚያውቅ ሰው ጭብጨባ አይደለም። ያዩትን ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። ገብረየስ ይጽፍ የነበረውን አይደለም፣ እሱ የሚያስቀረውን ነው የምፈልገው።

ድንቅቱ

ሱሉልታ፣ መጋቢት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለድንቅቱ።

የሰማይ አምላክ ያቆይሽ። አይቼ መጣሁ። አትደብቂ ብለሻል፣ አልደብቅም።

ከረምዚያና ከኦቦ ሞቱማ ጋር በጠዋቱ አውቶቡስ እንጦጦን ወርደን ሄድን። ሲኒማ ቤቱ ሞልቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ የፈረንጅ ፊደል የሚያውቅ ሰው አነበበልንና የሱሉልታ ስም ተጠራ። ኦቦ ሞቱማ ደረቱን ነፋ። ወዲያው ግመል መጣ።

ተነሥቶ ቆመ። «ያ ዋቃ! ይኼ ግመል ከየት መጣ? ፈረሱስ?»

«ኦቦ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ሲኒማ እኮ ነው» አለው ከኋላ ያለ ጎረምሳ።

«ሲኒማ ቢሆንስ! ሱሉልታ ብለው ጽፈው የለም? እኔ ሰባት ፈረስ አለኝ። መጥተው ቢጠይቁኝ በነጻ እሰጣቸው ነበር!»

ረምዚያ ጋቢውን ጎትታ አስቀመጠችው። እንስራውን በራስሽ ተሸክመሽ ስትመጪ ሴቱ ሁሉ ሳቀ። «አንገቷ ይቀጫል እንጂ ውኃው ቤት አይደርስም» አለች ረምዚያ። አፍሽን ከፍተሽ ጣልያንኛ ስትናገሪማ ባሰ። እኔ ያን ቋንቋ በእኛ ሜዳ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በወረራው ዘመን፣ ላሞቻችንን ጫካ ውስጥ የደበቅን ጊዜ ነው።

ደስ አለኝ። እውነቱን ጻፊ ብለሻል፤ ሲስቁብሽ ደስ አለኝ። ግን የምጠብቀው ገና ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን ስሚ። የሙሽራ እናት ጥለቱን ወደ ላይ አታደርግም። ማንም ደስታ ያለበት ሰው አያደርግም። ጥለት ወደ ላይ የሚሆነው ለለቅሶ ነው። ሕፃን ያውቀዋል። እኔ እያወቅሁ ነው የጻፍኩልሽ። አዲስ አበባ ሲታይ ሴቶቹ ጣታቸውን እየቀሰሩ «የሠርግ ልብስ የማታውቅ እናት!» እንዲሉሽ ነው። ለዚህ ነው ዓመት የጠበቅሁት።

ደረሰ። ሙሽራይቱ በቅሎ ላይ ተቀመጠች። አንቺ ከቤት ወጣሽ፣ ጥለቱ እስከ አገጭሽ። እጄን ጨብጬ ሳቁን ጠበቅሁ።

«ማን ሞተባት?» አለች ረምዚያ በጆሮዬ።

ሳቁ አልመጣም። ኦቦ ሞቱማ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እናቴ ስትድረኝ እንዲህ ማድረግ ነበረባት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «እልል ብላ ነው የሸኘችኝ። ዳግም አላየኋትም።» ሌሎቹም ተከተሉ። ሰው የሚያለቅስበት ሲኒማ ቤት አይቼ አላውቅም።

ስንወጣ በር ላይ ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመው ያወራሉ። አንደኛው «ከዚያ ሁሉ ውሸት ውስጥ እውነቱ ያ ብቻ ነው» አለ። ሌላኛው «እናቲቱን የሠራችው የእኛ ልጅ ናት፤ አስባ ያደረገችው ነው» አለው።

አስባ! ያሰብኩት እኔ ነኝ ድንቅቱ። በተንኮል ይሁን እንጂ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ያለቀሰው በእኔ ክፋት ነው፤ ምስጋናው ግን ላንቺ ደረሰ። ረምዚያ ያዘንኩ መስሏት መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛኝ መጣች።

ይኸው ጻፍኩልሽ። ገብረየስ ቢሆን አንዱንም አይጽፈውም ነበር።

ጠጅቱ

ሮም፣ ግንቦት 6 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእትዬ ጠጅቱ።

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ለማንም አላሳየሁም።

አውቄ ነበር። የዛሬ ዓመት ደብዳቤዎ ሲመጣ ነጠላውን እንዳሉኝ አድርጌ ለቄሱ አሳየኋቸው። «ምነው ልጄ፣ ማን አረፈብሽ?» አሉኝ። እርስዎ ሊጥሉኝ እንደፈለጉ ያን ጊዜ ገባኝ። አሥር ቀን ተናደድኩ። እርስዎን የሚሰድብ ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን መስታወት ፊት ቆሜ ነጠላውን ስገለብጠው እናቴን አየኋት። ፊቷን አየሁት እትዬ። የአውራ ጎዳናው ዳር ቆማ፣ መኪናው እየተነሣ፣ እኔ በኋላ መስኮት እያየሁ። ጥለቱ ወደ ላይ ነበር። እስከ አገጯ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጀርባዋን ብቻ አስታውስ የነበርኩት ይህን እስካይ ድረስ ነው።

እኔ እናቴን ተቀይሜ ነው የኖርኩት። እንደ ጠቦት አሳልፋ ሰጠችኝ፣ እንባ እንኳ አላወጣችም እያልኩ። ስትሞት ያልመጣሁትም ገንዘብ አጥቼ አይደለም። አሁን ግን ያን ቀን አልቅሳልኝ እንደ ነበር አወቅሁ፤ ሰው እንዳይሰማባት በነጠላዋ አለቀሰች። ፊልሙ ላይ ያደረግሁት ያንን ነው። ለዚህ ነው አዘጋጁ ሦስት ጊዜ ሲያዘኝ እንቢ ያልኩት።

ስለ ተንኮልዎ ይቅር ብያለሁ፤ ያለ እሱ አላገኛትም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እርስዎ ያን ቀን እዚያ ነበሩ። ጥለቱን የገለበጠችው ለእኔ ነው? እዚህ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም፣ እዚያም ከእርስዎ በቀር።

ታናሽዎ ድንቅቱ

ሱሉልታ፣ ሰኔ 9 ቀን 1959 ዓ.ም. (ተጽፎ ያልተላከ)

ይድረስ ለድንቅቱ።

እንደምን አለሽ። አዎን፣ ያን ቀን ነበርኩ። የሆነውን እነግርሻለሁ።

ያን ቀን የኦቦ ጃራ ቀብር ነበር። የኦቦ ሞቱማ አባት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ለቀስተኛው ሁሉ እነርሱ ግቢ ተቀምጧል። የጋራዡ ጣልያን ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብሎ ረፋዱ ላይ መጣ። ሰው ሄዶ እናትሽን ከለቅሶ ቤት ጠራት። እየሮጠች መጣች፣ ነጠላዋም እንደ ነበረ ነበር። ለኦቦ ጃራ ያደረገችው ነው። የማስተካከያ ጊዜ አልነበራትም። አንቺን መኪናው ላይ አወጣችሽ፣ መኪናው ተነሣ፣ እርሷም ተመልሳ ለቅሶ ቤት ገባች። እኔን ስታልፍ «አንድ አፍ ቀለለልን» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። ይኸው ነው ያንቺ ጥለት።

የቀረውንም ልጻፈው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት፣ አልጋ ላይ ሆና፣ እኔን ስሜን አልጠራችኝም። «ድንቅቱ» ትለኛለች። ውኃ ስሰጣት «ድንቅቱዬ»፣ ሳገላብጣት «ድንቅቱ፣ ቀስ በይ»። መጀመሪያ «ጠጅቱ ነኝ» እላት ነበር። ከዚያ ሰለቸኝና «እመት» ማለት ጀመርኩ። የሞተችም ለት እጄን ይዛ «መጣሽልኝ?» አለችኝ። መጣሁ አልኳት።

ስምንት ዓመት ሰዉን ሁሉ «የእኔን ስም እየጠራች ሞተች» ብዬዋለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ከድሩ ወደ አዲስ አበባ ሊወርድ በደጄ አለፈ። «እትዬ፣ የሚላክ አለ?» አለኝ። ዛሬ የለም አልኩት።

ሱሉልታ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለእህቴ ለድንቅቱ።

እግዚአብሔር ባለሽበት ይጠብቅሽ። ያዘገየሁት ክረምቱ መንገዱን ስላበላሸው ነው።

ጠይቀሻል፣ እመልሳለሁ። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እናትሽ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ነጠላዋን በገዛ እጇ ገለበጠችው። ጥለቱን ወደ ላይ አደረገችው። «ምነው አክስቴ፣ ማን ሞተ?» አልኳት። ወደ አንቺ እያየች ወጣች። ላንቺ ነው ድንቅቱ። እንዳየሽው ነው።

አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ። ነጠላዋ አብሯት አልተቀበረም። በእኔ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። በዓመት ሁለት ጊዜ አውጥቼ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። እንዳትጠይቂኝ፣ አልልክልሽም። አንቺ ፊቷን አገኘሽ፣ ይበቃሻል።

ኦቦ ሞቱማ ሰላም ብሎሻል። ሌላ ፊልም ከሠሩ ፈረሶቹ አሁንም አሉ በይልኝ ብሏል። የመቃብሩን አጥር ዘንድሮ በድንጋይ አሠርቼዋለሁ።

እኔን ብትጠይቂኝ፣ እናትሽ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋልኝ አታውቅም። ወዴት ሄጄባት ታድርግልኝ።

ጠጅቱ